ለቅሶ እንዴት ይደረሳል? ስልክ ላይ ላደግነው የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች

ሰው ሲሞት ግሩፑ ላይ የሚሆነውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ ፎቶ ይለጥፋል። ከሥሩ «ነፍስ ይማር» እና «አላህ ይርሐመው» ይደረደራል፣ የሚያለቅስ ኢሞጂ ይከተላል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እዚያው ግሩፕ ላይ ስለ ኳስ ይወራል። የጻፉት ሰዎች አላዘኑም አልልም። አዝነዋል። ግን ለብዙዎቻችን ለቅሶው እዚያው ያለቀ ይመስለናል። ድንኳን ውስጥ የተቀመጠ ሐዘንተኛ ደግሞ በር በሩን ነው የሚያየው፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፤ ከዓመት በኋላም አይረሳውም።

ወጣቶችን «ለምን አልሄዳችሁም?» ስላቸው የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ ስንፍና አይደለም። «ምን እንደሚባል አናውቅም» ነው የሚሉኝ። ምን ይዘን እንሂድ፣ የት እንቀመጥ፣ የሙስሊም ቤት ከሆነስ፣ የክርስቲያን ቤት ከሆነስ። ያፍራሉ። ሲያፍሩ ይቀራሉ። ከቀሩ በኋላ ሐዘንተኛውን ፒያሳ ላይ ሲያዩት መንገድ ይቀይራሉ፣ እሱም «ንቀውኝ ነው» ብሎ ይይዘዋል፣ በዚያው ጓደኝነቱ ይቀዘቅዛል። አንድ ከሰዓት ተቀምጦ በመነሳት ሊድን የሚችል ዝምድና እንዲህ ሲበላሽ ማየት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ከትልልቆቹ ያየሁትን እንደወረደ ላስቀምጥላችሁ።

መርዶን አትቅደሙ

መርዶ የሚነገረው ማለዳ ነው፣ ገና ሳይነጋጋ። ዘመዶችና የሰፈር ሽማግሌዎች ቀድመው ይነጋገራሉ፣ ጋቢያቸውን ደርበው አንድ ላይ ይመጣሉ። ሴቶችም አብረው አሉ፤ አንዷ ውሃ ይዛለች። በር ይንኳኳል። የከፈተችው እናት ያን ሁሉ ሰው በዚያ ሰዓት ስታይ ማንም ሳይናገር ይገባታል፣ ጉልበቷ ይከዳታል፣ ከመውደቋ በፊት ግን ግራና ቀኝ የሚይዟት እጆች አሉ። ለምን ማለዳ? ሌሊቱን ተኝታ አድራለች። ጎረቤት ገና ሥራ አልወጣም። ቀኑ ሙሉ ከፊት ነው፣ የሚከብደው ሌሊት ገና ሩቅ ነው፣ እስከዚያ ቤቱ በሰው ይሞላል። ይህን ያወጣ ሰው የሐዘንተኛን ጠባይ አሳምሮ ያውቃል።

አሁን ፌስቡክ ይቀድማል። የወሎ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ብዙ ቤት አረብ አገር ያለች እህት ወይም ልጅ አለች። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ፣ ዕቃ እያጠበች ስልኳን ከፈት ስታደርግ ያባቷን ፎቶ «ነፍስ ይማር» ተብሎበት ብታየው አስቡት። አጠገቧ አማርኛ የሚሰማ የለም። ማልቀስ እንኳ ፈቃድ ይጠይቃል።

ስለዚህ ከቤተሰቡ አንድ ሰው «ተነግሯል» እስኪል ድረስ ምንም አትለጥፉ። ፎቶም፣ «ልቤ ተሰበረ» የምትል ስም የሌላት ጽሑፍም። ሰው ከጽሑፉ ይልቅ ከሥሩ የተሰጠውን አስተያየት አንብቦ ነው የሚደርስበት። ውጭ ላለች ልጅ መርዶ መንገር ካለባችሁ፣ መጀመሪያ እዚያው ያለ ዘመድ ወይም ያገር ልጅ ፈልጉ፣ የዕረፍት ቀኗን አጣሩ፣ ያች ያገር ልጅ ሄዳ አጠገቧ ከተቀመጠች በኋላ ደውሉ። ይህ ካልሆነ ቢያንስ ሥራ ጨርሳ ክፍሏ የምትገባበትን ሰዓት ጠብቁ። በጽሑፍ አትንገሩ፤ የድምፅ መልእክትም ያው ነው። ደውላችሁ ንገሩ፣ አልቅሳ እስኪወጣላት ስልኩን አትዝጉ።

ዘግይቶ የተሰማ ሞትም ለቅሶ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ በደረሰ ጊዜ ስልክ ተቋርጦ፣ መንገድ ተዘግቶ፣ የስንቱ ሰው ሞት ከተቀበረ ቆይቶ ነው የተሰማው። የት እንደወደቀ ሳይታወቅ ያለ አስከሬን የተለቀሰለትም አለ። «ጊዜው አልፏል» ብላችሁ የቀራችሁበት ቤት ካለ ዛሬም ሂዱ። በሩን ከፍተው «ለምን ዘገያችሁ» አይሏችሁም።

ከአፍ በፊት ጉልበት

በእኛ አገር ቀብሩን የሚይዘው ቅሬ ነው፣ ሌላ ቦታ እድር የሚሉት። በብዙ ሰፈር ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ቅሬ ውስጥ ነው፤ መዝገብ ላይ የሚያስጽፈው ጉርብትናው ነው። በዕለቱ ሐዘንተኛው ማን እንዳነጋገረው እንኳ አያስታውስም፣ ስለዚህ የዚያን ቀን ንግግራችሁ ብዙም አይፈለግም። የሚያንሰው ጉልበት ነው። ድንኳን የሚተክል፣ አግዳሚ የሚሸከም፣ በጀሪካን ውሃ የሚያመላልስ፣ እንጨት የሚፈልጥ፣ መቃብር የሚቆፍር። ትልልቆቹ ደክመዋል፣ ወጣቱ ደግሞ ጥግ ላይ ቆሞ ስልኩን ያያል። የቅሬውን ዳኛ ፈልጉና «አባባ፣ ምን ልሥራ?» በሏቸው። በቃ፣ ገባችሁበት።

ደሴ ላይ ድንኳን መትከል ራሱ ሙያ ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ክረምት ከሆነ ከጦሳ ተራራ ጉም ይወርዳል፣ ከሰዓት ዝናቡ አይቀርም። ሸራው በደንብ ካልተወጠረ መሃሉ ላይ ውሃ ያቁርና ሆዱ ወደ ታች ይንጠለጠላል። አንድ ሰው ረጅም እንጨት ይዞ ከሥር ቀስ እያለ ወደ ጫፍ ካልገፋው ሽማግሌዎቹ ላይ ይዘረገፋል። ዙሪያውን በዶማ ቦይ ቅደዱ። መሬቱ ላይ ምንጣፍ ወይም ካርቶን አንጥፉ። እዚያ ለሚያድሩት ከቤታችሁ ጋቢና ብርድ ልብስ አምጡ። ይህን የሠራ ልጅ አንድም ቃል ሳይናገር ለቅሶ ደርሷል። 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ከሆነ ደግሞ ችግሩ ሙቀት ነው፤ ጥላና የሚጠጣ ውሃ አስቀድሙ።

ምን ይባላል፣ ምን አይባልም

የሚባለው አጭር ነው። ክርስቲያን ቤት «እግዚአብሔር ያጽናችሁ»፣ «ነፍስ ይማር»። ሙስሊም ቤት «አላህ ይርሐመው»፣ ሴት ከሆነች «ይርሐማት»፣ «አላህ ሰብሩን ይስጣችሁ»። «አብሽር»፣ «አብሽሪ» ደግሞ ወሎ ውስጥ የትም ቤት ይሠራል። ቃሉ ጠፋባችሁ? እጁን ያዙት፣ ጎንበስ በሉ፣ ሄዳችሁ ተቀመጡ። ገብቶ ወዲያው መውጣት ጥሩ አይደለም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቁጭ በሉ።

የማይባለው ላይ ግን ልቆይ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። «ምን ነበር ያመማት?» አትበሉ። ሐዘንተኛው ይህን ጥያቄ ለመጣው ሁሉ ሲመልስ ነው የዋለው፤ እናቱ የሞተችበትን ሌሊት በየሩብ ሰዓቱ እንደ አዲስ ይተርካል። ማወቅ ከፈለጋችሁ ጎናችሁ ያለውን ጎረቤት በዝግታ ጠይቁ። «ዕድሜ ጠግበው ነው» ለልጅ ማጽናኛ አይሆንም፤ የሰማንያ ዓመት እናትም እናት ናት። ልጅ ለሞተባት ሴት «ሌላ ትወልጃለሽ» የሚሉ አሉ፣ እባካችሁ ተዉት። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» ከሁሉም የከፋው ነው። ያልቅስ። ሁለቱም ሃይማኖቶች ደረት መምታቱንና ፊት መንጨቱን ይከለክላሉ እንጂ እንባ አይከለክሉም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ስለ ሟቹ የምታውቁት ትንሽ መልካም ነገር ካለ እሱን ንገሩት። «አባትህ ጠዋት ሱቃቸውን ሲከፍቱ በስሜ ጠርተው ነበር ሰላም የሚሉኝ።» «አንድ ቀን ዝናብ ይዞኝ በረንዳቸው አስጠልለው ሻይ ሰጥተውኛል።» ልጁ የማያውቀው ያባቱ አንድ ቀን እናንተ ጋ ነበር፤ አሁን እሱ ጋ ሆነ። እንዲህ ዓይነቱን ነገር ሐዘንተኛ ለዓመታት ይዞት ይኖራል።

ዝምታውንም ልመዱት። የኛ ዘመን ሰው ዝም ሲባል እጁ ወደ ኪሱ ይሄዳል። ድንኳን ውስጥ ሰው ዝም ሲል ግን ነገር ጎድሎ አይደለም፤ አብሮ መቀመጡ ራሱ ሥራ ነው። አንድ ሽማግሌ ዱዓ ሲያደርጉ ወይም ሲመርቁ «አሚን» በሉ። ከዚያ እንደገና ዝም።

ስልኩ

ድምፁን አጥፉ። ይህን ሁሉም ያውቃል። እኔ የምለው ስለ ካሜራው ነው።

ድንኳን ውስጥ ስልክ ከፍ ሲል የሚሆነውን አይቻለሁ። ሴትዮዋ እያለቀሰች ነበር፣ ፀጉሯ ተበትኗል፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ወርዷል። ካሜራውን ስታይ ድምፅዋ ቆመ። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳበች፣ በሌላ እጇ ፀጉሯን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ጀመረች። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ለቅሶዋ፣ ለማታውቀው ተመልካች መልኳን ማስተካከል ነበረባት። ከዚያ በኋላ አላለቀሰችም፣ ፊቷን ሸፍና ቁጭ አለች። የሚቀርጸው ልጅ ክፉ አልነበረም። ጎረቤት ነው፣ ወንበር ሲሸከም የዋለ ልጅ ነው። ዝም ብሎ የለመደው ነገር ሆኖበት ነው፤ የሚያየውን ሁሉ ይቀርጻል።

ውጭ ላሉት ቪዲዮ ያስፈልጋል፣ እሱ እውነት ነው። አባቷን መቅበር ያልቻለች ልጅ ቀብሩን ማየቷ መብቷ ነው። እንግዲህ ቤተሰቡ አንድ ሰው ይምረጥ፣ እሱ ብቻ ይቅረጽ። ከኋላ ሆኖ ሕዝቡን፣ ጉዞውን፣ መቃብሩን ይቅረጽ፤ የሚያለቅስ ፊት ላይ አይጠጋ። ለሚመለከታት ልጅ ብቻ ይላክ። ቲክቶክ ላይ አይወጣም፣ ላይቭም አይገባም። በቪዲዮ የምትደውል ካለችም መጀመሪያ ሐዘንተኛዋን «ታናግሪያታለሽ ወይስ ይቆይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከፈለገች ጓዳ አስገብታችሁ አገናኟቸው።

የሌላው ሃይማኖት ቤት

ክርስቲያን ሆናችሁ ሙስሊም ጎረቤት ከሞተ፣ ፍጠኑ። ቀብሩ ብዙ ጊዜ በዕለቱ ነው፤ «ሥራ ጨርሼ ማታ እመጣለሁ» ካላችሁ አልፏችኋል። የጀናዛ ሶላት ሲሰገድ ፈንጠር ብላችሁ በጸጥታ ቁሙ። አስከሬኑ ሲነሳ ሰው እየተቀባበለ ነው የሚሸከመው፤ ትከሻችሁን ስጡ፣ ማንም አይከለክላችሁም። ሴቶች ብዙውን ጊዜ መቃብር አይወርዱም፣ ቤት ከሴቶቹ ጋር ነው የሚቀመጡት። ፀጉር ሸፈን ማድረግ፣ ጫማ በር ላይ ማውለቅ። ተቃራኒ ጾታ እጁን ካልዘረጋላችሁ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አድርጋችሁ ሰላም በሉ። ባሏ የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ ትቀመጣለች፣ እንደ ወትሮው ወጣ ገባ አትልም። ይህን ብዙ ክርስቲያን ጎረቤት አያውቅም፤ ሦስት ቀን ሄዶ ጨርሻለሁ ይላል፣ እሷ ግን ሰው በጣም የምትፈልገው በዚያ ረጅም ጊዜ ነው። ሴቶች፣ በየጊዜው ብቅ በሉላት። በረመዳን ከሆነ ቀን ቡና አይጠበቅም፤ ከኢፍጣር በኋላ ሂዱ፣ ተምር ይዛችሁ ብትሄዱ ጥሩ ነው።

ሙስሊም ሆናችሁ ክርስቲያን ጎረቤት ከሞተ፣ ሩቅ ዘመድ ሊጠበቅ ስለሚችል የቀብሩን ሰዓት ጠይቁ። እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሸኝቶ፣ ፍትሐቱ እስኪያልቅ ውጭ ዛፍ ሥር መጠበቅ የቆየ ወግ ነው፤ «ለምን አልገባችሁም» የሚል የለም። በሰሙነ ሕማማት ለሞተ ሰው ፍትሐት አይደረግም፣ ለዚያ ሳምንት የሚሆነው በሆሣዕና ቀድሞ ይደረጋል፤ ቀብሩ ጭር ቢል አይግረማችሁ። ከዚያ ሣልስት አለ፣ አርባ አለ፣ ሙት ዓመት አለ። ሁሉም ላይ ባትገኙ አርባው ላይ ተገኙ።

እዝንና ብር

ምግብ ይዛችሁ ስትሄዱ ሁሉም የሚቀምሰውን ያዙ። ሥጋ የየሃይማኖቱ እርድ ስላለው ተዉት፤ ንፍሮ፣ ዳቦ፣ ቆሎ፣ የምስር ወጥ፣ ሽሮ፣ ቡናና ስኳር ለሁሉም ይሆናል። ጾም ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርብም ጭምር፣ ቅቤ አይግባበት። ሐዘንተኛው ራሱ እንደማይበላ ታያላችሁ። «ብላ ብላ» እያሉ ከመጨቃጨቅ ትንሽ በእጃችሁ አድርጋችሁ «እዝን ነው፣ ቅመስ» ብትሉት ይሻላል።

ብርን በተመለከተ፣ ቴሌብር ከመጣበት ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ነገሩ ቀሏል። ራቅ ላለ ሰው ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም። ብቻ ወደ ሐዘንተኛው ስልክ አትላኩ፤ ስልኩ ሲጮህ ነው የሚውለው፣ ማን ምን እንደላከም አያውቅም። ወጪውን የያዘውን ሰው ጠይቃችሁ ለእሱ ላኩ፣ ለምን እንደሆነም ንገሩት። ደሴ እየኖሩ ብር ልኮ መቅረት ግን ሌላ ነገር ነው። ከሸዋበር ሰኞ ገበያ በባጃጅ ስንት ደቂቃ ነው? ሐዘንተኛው ብሩን ይቀበላል፣ «መምጣት ከበደው» ብሎም ይቀበላል።

ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላ

የምር ለቅሶ መድረስ የምትፈልጉ ከሆነ ይህን ክፍል ያዙት። ድንኳኑ የሚነቀልበት ቀን አለ። አግዳሚው ይጫናል፣ ድስቱ ታጥቦ ወደ ቅሬው ዕቃ ቤት ይመለሳል፣ የሩቅ ዘመድ መናኸሪያ ይሸኛል። ከሰዓት ላይ ቤቱ ባዶ ነው። ያን ዕለት ሂዱ። ቡና ይዛችሁ ሂዱና አፍሉ። ሐዘንተኛው እስከዚያ ድረስ በሰው ግርግር ተይዞ ነበር፤ ሞቱ የሚገባው የዚያን ከሰዓት ነው።

ከዚያ በኋላ ደግሞ ወጣቱ ከማንም በላይ የሚጠቅምበት ሥራ ይመጣል፤ ወረቀት። በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞት በ30 ቀን ውስጥ ቀበሌ ወሳኝ ኩነት ጋ መመዝገብ አለበት። የሞት ምስክር ወረቀት ካልተያዘ የወራሽነት ጉዳይ፣ የባንክ ደብተር፣ ጡረታ አንዱም አይንቀሳቀስም። አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ይህን ሁሉ ቢሮ ብቻዋን ስትዞር፣ አንዱ «ነገ ነይ»፣ አንዱ «ኮፒ አምጪ» ሲላት አስቡት። እናንተ ፎርም መሙላት ታውቃላችሁ፣ ኮፒ ማንሳት ታውቃላችሁ፣ ቆማችሁ መሟገት ትችላላችሁ። «እማማ፣ ማክሰኞ ጠዋት መጥቼ አብረን ቀበሌ እንሄዳለን» በሏት። «ምን ልርዳዎት?» ብቻ ብላችሁ አትሂዱ፤ ሐዘንተኛ «ምንም አልፈልግም፣ ኑሩልኝ» ነው የሚላችሁ። ቀኑንና ሰዓቱን እናንተው ቁረጡ።

የመጀመሪያው በዓልም አለ። የመጀመሪያው ዒድ፣ የመጀመሪያው ፋሲካ። ሰው ሁሉ የራሱ ቤት ነው፣ ያ ቤት ግን አንድ ቦታ ባዶ ነው። ጠዋት ጎራ በሉ። የሟቹንም ስም ጥሩ። ብዙ ሰው «አስታውሳቸዋለሁ» ብሎ ስሙን ይሸሻል፣ እነሱ ግን ረስተውት አያውቁም፤ ስሙን ከሌላ ሰው አፍ መስማት ነው የናፈቃቸው።

ኮምቦልቻ ተከራይታችሁ ለምትኖሩ

ኮምቦልቻ የሥራ ከተማ ናት። በ2009 ዓ.ም. ኢንዱስትሪ ፓርኩ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ከየወረዳው የመጣ ወጣት አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይቶ ይኖራል። ፈረቃ ሠርቶ ይገባል፣ ይተኛል፣ የጎረቤቱን ስም አያውቅም። ቅሬ የለውም። አንድ ነገር ቢደርስ፣ አስከሬን አገር ቤት የሚያደርስ መኪና ማን ይይዛል? ማንስ ለእናቱ ሄዶ መርዶ ይነግራል? የክፍል ጓደኞቹ ልጆች ናቸው፣ ገንዘብም ልምድም የላቸውም።

ቤት በተከራያችሁ ሰሞን አከራያችሁን «የሰፈሩ የቅሬ ዳኛ ማናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሂዱና ተዋወቁ። ተከራይ ነኝ ብላችሁ አትፈሩ፣ በየሰፈሩ ደንቡ ስለሚለያይ መግቢያውንና ወርሃዊውን እዚያው ይነግሯችኋል። ሁለታችሁ ሦስታችሁ አንድ ክፍል ከሆናችሁም እያንዳንዳችሁ ተጻፉ። ቀብር ሲኖር ፈረቃ ከያዛችሁ ዝም ብላችሁ አትቅሩ፤ ቀድማችሁ ንገሩ ወይም የክፍል ጓደኛችሁን ላኩ፣ በሌላ ቀን ደግሞ ማታ ድንኳን በመጠበቅ አካክሱ። አንድ ሁለት ጊዜ ስትታዩ ሰፈሩ ስማችሁን ይይዛል።

አንድ ነገር ደግሞ ዛሬውኑ አድርጉ። የቤተሰባችሁን ስምና ስልክ ቁጥር፣ ወረዳና ቀበሌ ጨምራችሁ፣ በወረቀት ጻፉና አንዱን ለአከራያችሁ አንዱን ለቅሬው ጸሐፊ ስጡ። ስልካችሁ ውስጥ ያለው ቁጥር የይለፍ ቃሉን ለማያውቅ ሰው አይከፈትም። ወረቀቱ ላይ የእናታችሁን ቁጥር አትጻፉ፤ የአጎት ወይም የታላቅ ወንድም ይሁን፣ ሄዶ በር ማንኳኳት የሚችል ሰው።